ግንዱን ወዝውዢ

ደሴ፣ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያ። ዘመዴን ለእርግዝና ክትትል ይዣት ሄጃለሁ። አግዳሚው ወንበር ላይ ሰባት ስምንት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ዘመዴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ሳውዲ ነው። በአንድ እጇ የክትትል ካርዷን፣ በሌላው ሙስበሃዋን (መቁጠሪያዋን) ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀምጣ ነበር። ተራዋ ደርሶ ስትነሳ ወደ ዘመዴ ዞር ብላ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ እህቴ" አለቻት።

"አሚን፤ አንቺንም አላህ በሰላም ይገላግልሽ።"

ወሎ ነው። ይህን ሰምቶ ቀና ያለ ሰው የለም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "እኔም እኮ ሌሊት ሌሊት የምቀራው መርየምን ነው" አለችኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ስልኳን ከፍታ ሱረቱ መርየምን፣ በማርያም ስም የተሰየመውን የቁርአን ምዕራፍ፣ ትቀራለች። ሲደክማት ደግሞ ከፍታ ታዳምጣለች።

"እምነቷ አበረታት" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን እንዴት ነው የሚያበረታው? ምኗ ላይ ነው የሚይዛት? ያው እምነት አንዳንዷን ደግሞ የሚጥላት ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከመርየም የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በቁርአን 19ኛው ሱራ ላይ መርየም ብቻዋን ናት። ምጡ ወደ ተምር ዛፍ ግንድ ይወስዳታል። እዚያ ሆና ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ፣ ተረስቼ በቀረሁ ትላለች። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ይህች በእስልምና እጅግ የተከበረች ሴት ናት። በስሟ ሱራ የተሰየመላት ሴት እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ስትል ግን "አፍሽን ያዢ" ያላት የለም። ኢማንሽ (እምነትሽ) ደከመ አልተባለችም። ከበታቿ የመጣላት ድምፅ በመጀመሪያ አትዘኚ አላት። ቀጥሎ ከሥርሽ ምንጭ አለልሽ አላት። ከዚያ የተምሩን ግንድ ወዳንቺ ወዝውዢው፣ የበሰለ ተምር ይረግፍልሻል አላት። በመጨረሻም ብዪ፣ ጠጪ፣ ተደሰቺ።

ምጥ የያዛት ሴት የተምርን ግንድ ምን ያህል ትወዘውዛለች? ጎልማሳ ወንድም አይነቀንቀውም። ሊቃውንት ከጥንት ጀምረው ከዚህ ቦታ የሚያወጡት ነገር ይኸው ነው። ተምሩን የሚያረግፈው ሌላ ነው፤ እሷ ግን እጇን ግንዱ ላይ ማድረግ አለባት። ያለ እሷ ውዝወዛ ማውረድ የሚሳነው አልነበረም። ግን የድርሻዋን ሰጣት።

እኔ እንደሚገባኝ የነፍሰ ጡር ሙስሊም ሴት ብርታት ሁሉ እዚህ ሦስት አራት አንቀጽ ውስጥ ተቋጥሯል። ማማረር ተፈቅዷል። አይዞሽ ባይ አለ። ውኃና ምግብ ቀርቧል። ትንሽም ብትሆን በእጇ የምትሠራው ነገር አለ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በሌላ ቋንቋ ተቀራራቢ ነገር ይላሉ። ላዛረስና ፎክማን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ ሰው ጭንቀትን የሚቋቋምበትን መንገድ በሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ችግሩን ራሱን መጋፈጥ ነው። ደም ማነስ ካለብሽ የብረት እንክብል መዋጥ። ሁለተኛው ችግሩ በፈጠረው ስሜት ላይ መሥራት ነው። ልጄ ምን ይሆን የሚለውን ፍርሃት እንዲቀመጥ ማድረግ። እርግዝና ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል። ግማሹ ነገር በእጅሽ ነው፣ ግማሹ በማንም እጅ አይደለም። ግንዱ ላይ እጅሽን ታደርጊያለሽ፤ ተምሩ መቼ እንደሚረግፍ ግን አታውቂም።

ወደ ዕለቱ ኑሮ እንውረድ።

መጀመሪያ ዚክሩ፣ አላህን ደጋግሞ ማውሳቱ። ዘመዴ ከሁሉ የምትደጋግመው የነቢዩ ዩኑስን ዱአ ነው። ላ ኢላሃ ኢላ አንተ፣ ሱብሃነከ፣ ኢኒ ኩንቱ ሚነዝ ዟሊሚን። ካንተ በቀር አምላክ የለም፣ ጥራት ይገባህ፣ እኔ ከበዳዮቹ ነበርኩ ማለት ነው። ዩኑስ ይህን ያለው ዓሣ ሆድ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነው። ቁርአን በሌላ ቦታ፣ በ39ኛው ሱራ፣ ፅንስ በእናቱ ሆድ ውስጥ በሦስት ጨለማዎች ውስጥ እንደሚፈጠር ይናገራል። ዘመዴ ሁለቱን ማን እንዳገናኘላት አላውቅም። "ሆድ ውስጥ ያለ ሰው ዱአ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ላለውም ይሆናል" ትላለች። መጽሐፍ ላይ አላየሁትም። ግን ልክ ናት ብዬ ነው የተቀበልኳት።

ዚክር ሰውነት ላይ የሚሠራው ሥራም አለ። አጭር ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ፣ ሳይቸኩሉ ሲሉት ትንፋሽ ይረዝማል። ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋን ድግግሞሽ አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ሁለቱም አተነፋፈስን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ዝቅ አድርገውታል። ይህም የልብንና የደም ሥርን ሥራ የሚያረጋጋ ፍጥነት ነው። ጥናቱ በዚክር ላይ አልተሠራም። ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሱብሃነላህ ብሎ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዋላጆችስ በምጥ ሰዓት "ረጅም ተንፍሺ" የሚሉት ለምን ሆነና?

ሶላቱም የራሱ ነገር አለው። ሥራ ያቆመች፣ ቤት የዋለች፣ ባሏ ሩቅ ያለ ሴት ቀኑ ይረዝምባታል። አምስት ወቅት ቀኑን ይከፋፍልላታል። ዙሁር ደረሰ፣ ዐስር ደረሰ እያለች ትገፋዋለች። ሆዷ ሲገፋ ሱጁድ፣ ግንባርን መሬት ማስነካቱ፣ ያስቸግራታል። ለዚህ መልሱ የታወቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመመ ባልደረባቸው ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ ብለውታል። ያም ሆኖ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች የምትቆም ሴት አይቻለሁ። ወንበር ሲያመጡላት "ምንዳዬ እንዳይቀንስ" ትላለች። ማን እንዲህ እንዳላት አላውቅም። የቆሙለትን ያህል ለተቀመጡለትም የሚሰጥ ጌታ ነው፤ ያላስቻላት እሱ አይደል?

ከዚያ ሰው ነው። እኔ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። በወሎ ነፍሰ ጡር ብቻዋን ዱአ አታደርግም። ወዳጃ አለ። ሰው ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እጣኑ ጨሶ፣ አንዱ ሲለምን ሌላው አሚን እያለ የሚደረግ ዱአ። የሴቶቹም ለብቻው አለ፤ ዱበርቲ ይሉታል። እናቶች ይሰበሰቡና ቀኗ የደረሰችውን መሀል አስቀምጠው ይመርቃሉ። "አላህ ያግራልሽ!" "አሚን!" "እንደ ውኃ ያፍስሰው!" "አሚን!" አንዳንድ ኡስታዞች በዚህ ሥርዓት ላይ ጥያቄ አላቸው፤ ሱና (የነቢዩ ፈለግ) ውስጥ የለም የሚሉ አሉ። ክርክሩ የቆየ ነው፣ እዚህ አልፈታውም። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አሥር ወልደው የሳቁ ሴቶች ከብበዋት ስትቀመጥ ፍርሃቷ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ስንቷ እግሯ እንዳበጠ፣ ራሷን እንደሚያማት መጀመሪያ የተናገረችው እዚያ ቡና ላይ ነው። ይህን እግረ መንገዴን አላነሳሁትም፤ እመለስበታለሁ።

ባልየውም በኢሞ ይገባል። ከፈጅር (ከንጋት ሶላት) በኋላ የድምፅ መልእክት ይልካል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዱአ፣ ከኋላው የሳውዲ መኪና ጡሩምባ። ዘመዴ ስልኩን ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች።

አሁን ወደ ከባዱ። ተወኩል የሚለው ቃል ብዙ ተበድሏል። "በአላህ ተመካሁ" ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አድርገው የሚረዱት አሉ። ታዋቂው ሐዲስ (የነቢዩ ቃል) ግን ግልጽ ነው። ሰውየው ግመሌን አስሬ ልመካ ወይስ ፈትቼ ብሎ ቢጠይቅ እሰራትና ተመካ ተባለ። ሌላም ሐዲስ አለ፤ ታከሙ፣ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ የለም፣ ከእርጅና በስተቀር። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ግመሏን ማሰር ማለት ክትትል መጀመር ነው። ደም ግፊቷን መለካት ነው። የምትወልድበትን ቦታ፣ የሚያደርሳትን መኪና ቀድማ ማሰብ ነው። ከጤና ተቋም የራቀች ከሆነች ቀኗ ሳይደርስ እናቶች ማቆያ መግባት ነው። ዱአውና ካርዱ አይጣሉም። ዘመዴ በሁለት እጇ ይዛቸው የለ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በጤና ተቋም የሚደረግ ወሊድ በዚያው ጥናት 26 ከመቶ ነበር፤ በ2019 ወደ 48 ከመቶ ገደማ ደርሷል። ለውጥ ነው። ግማሹ ግን ያኔም ገና ቤት ነበር። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሞተች ሴት ሸሂድ (ሰማዕት) እንደምትባል በሐዲስ አለ። ይህ ለቀረ ቤተሰብ ትልቅ መጽናኛ ነው። ግን ለሟች ቤት የተሰጠ ማጽናኛ እንጂ በሕይወት ያለችውን ቤት አስቀምጦ ለማዋለድ ሰበብ አይደለም።

አሁን ደግሞ እምነት የሚጥልበትን ጎን እንይ። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ሃይማኖትና ጭንቀትን ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ያመጡት ጠቃሚ ልዩነት አለ። "አላህ ከእኔ ጋር ነው" ብሎ መከራን የሚያይ ሰውና "አላህ እየቀጣኝ ነው" ብሎ የሚያይ ሰው እኩል አይወጡም። ሁለቱም አማኞች ናቸው። ሁለቱም ይሰግዳሉ። የመጀመሪያው ይደገፋል፣ ሁለተኛው ይጎብጣል። ማስመለሱ ሲበረታባት "ምን በድዬ ነው" የምትል፣ ደም ሲታያት የድሮ ጥፋቷን የምትቆጥር ሴት ጭንቀቷ እጥፍ ነው። ቁርአን ግን ስለ እርግዝና ሲያወራ የቅጣት ቃል አይጠቀምም። እናቱ በድካም ላይ ድካም ሆና ተሸከመችው ይላል በሉቅማን ሱራ። በአል-አሕቃፍ ደግሞ በችግር ተሸከመችው፣ በችግርም ወለደችው። ድካሙን አይቶ ስሙን ጠርቶታል። አንዳንዴ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ "ከብዶሻል" የሚለው።

ድብርትም አለ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በታዳጊ አገሮች በእርግዝና ወቅት ወደ 15.6 ከመቶ፣ ከወሊድ በኋላ ወደ 19.8 ከመቶ የሚሆኑ ሴቶች የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል። አብዛኛው ድብርት ነው። ከአምስት አራስ አንዷ ማለት ነው። እሷን "ዚክር ብታደርጊ ኖሮ" ማለት የተሰበረ እግር ላይ መቆም ነው። ምነው በሞትኩ ያለችውን መርየምን ማን ገሠጻት? የሙሳ እናትም ልጇን ወንዝ ላይ ከጣለች በኋላ ልቧ ባዶ ሆነ ይላል ቁርአን። አላህ ልቧን ባያጠነክርላት ኖሮ ሚስጥሩን ልታወጣው ተቃርባ ነበር። ወሕይ (የአላህ ቃል) ደርሷት እንኳ ልቧ ባዶ ሆነ። ስለዚህ ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የልጅ ፍቅር የጠፋባት ሴት ሐኪም ጋ ትሂድ። ዱአውንም አትተው።

ዓይን ፍራቻም አለ። ሆዷ እስኪታይ የማትናገር ብዙ ናት። ዓይን በሐዲስ የተጠቀሰ ነገር ነው፤ ከሰው ወሬ ራስን መጠበቅም ክፉ አይደለም። ችግሩ ከጎረቤት መደበቁ ከነርሷም መደበቅ ሲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። አምስተኛ ወር ላይ ከመጣሽ ብዙ ነገር አምልጦሻል። ለሰው አትንገሪ፣ እሺ። ለጤና ጣቢያው ንገሪ።

ቅድም ቡና ላይ ወደቀረው ራስ ምታት እንመለስ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን መጭለምለም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከደረት ሥር የሚሰማ ሕመም ካለ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ያንቀጠቅጣል። አረፋ ያስደፍቃል። ራስን ያስታል። ስሙ ኤክላምፕሲያ ነው። በስንት ቤት ግን ስሙ ጂኒ ነው። ሩቅያ የሚያደርግ፣ ቁርአን እየቀራ የሚያክም ሰው፣ ይጠራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፤ ሆስፒታል በጊዜ ከደረሰች ሊያተርፋት ይችላል። መኪናው ውስጥ ሆናችሁ አየተል ኩርሲን፣ ለጥበቃ የሚቀራውን የቁርአን አንቀጽ፣ ቅሩላት። መኪናው ግን ይንቀሳቀስ።

"ወንድ ሐኪም አያየኝም" የሚለውም ስንት ሰዓት ይበላል። ሴት ሐኪም ካለች እሷ ትቅደም፤ ይህን መጠየቅም መብትሽ ነው። ከሌለች በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) ዶሩራ የሚባል ደንብ አለ፤ አስገዳጅ ችግር የተከለከለውን ይፈቅዳል። ሕይወት ያለበት ጉዳይ ከዚህ በላይ ምን ያስገድዳል?

ረመዳን ከእርግዝና ጋር ሲገጥም ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። በሐዲስ አላህ ከነፍሰ ጡርና ከአጥቢ ጾምን እንዳነሳ ተነግሯል። የምትሰጋ ሴት ትበላለች። በሐነፊይ መዝሀብ፣ ማለትም የሕግ ፈለግ፣ ቀኑን በኋላ ቀዳ ታወጣለች፣ ጾማ ትተካዋለች፣ አለቀ። በሻፊዒይ ለራሷ ሰግታ ከሆነ ቀዳ ብቻ ነው። ለልጇ ብቻ ሰግታ ከሆነ ቀዳውም አለ፣ ለየቀኑ ለድኻ የሚሰጥ አንድ ሙድ እህል ፊድያም አለ። ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ግን ብዙዎች ይጾማሉ። ጠይቄያቸዋለሁ። መልሳቸው ፊቅህ አይደለም። "ሰው ሁሉ ሲያፈጥር እኔ ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው" ነው። በኋላ ብቻዋን ሠላሳ ቀን ቀዳ ማውጣቱም ያስፈራል። ስለዚህ ቤተሰብ ሊረዳት ከፈለገ መልሱ "አትጹሚ" ማለት ብቻ አይደለም። ሳምቡሳው ላይ ትቀመጥ። ቀዳ ስታወጣም አንድ ሰው አብሯት ይጹምላት። ስኳር ወይም ግፊት ያለባት ግን ከሐኪም ሳትነጋገር እንዳትሞክረው።

ስለ ተምርም ይጠይቁኛል። በዮርዳኖስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። ከመውለዳቸው በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በቀን ስድስት ተምር የበሉ 69 ሴቶችን ካልበሉ 45 ጋር አነጻጽሯል። የበሉት ሆስፒታል ሲደርሱ የማህፀናቸው በር የበለጠ ተከፍቶ ነበር፤ ምጥ በራሱ የጀመራቸውም በዝተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በዚህ ብቻ መደምደም አይቻልም። ግን ምግብ ነው። የእርግዝና ስኳር ከሌለብሽ ብዪ። "ሱረቱ ዩሱፍን ከቀራሽ ልጅሽ ያምራል" ለሚለው ደግሞ ትክክለኛ ሐዲስ የለውም። ቅሪው፣ ውብ ሱራ ነው። ልጅሽ ግን አፍንጫውን ከአባቱ ነው የሚወስደው።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል፤ የጠፋ እርግዝና። ፅንሱ የጨነገፈባት ሴት የምትሰማው "አላህ ይተካልሻል" ነው። በቅንነት ይባላል። ግን ያ ልጅ ሌላ አይተካውም። ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም በጨቅላነቱ ሲሞት አልቅሰዋል። ባልደረባቸው ገርሞት ሲጠይቃቸው ርኅራኄ ነው አሉ። ዓይን ታነባለች፣ ልብ ያዝናል፣ ጌታችንን የሚያስደስተውን እንጂ አንናገርም። ሶብር (ትዕግሥት) ማለት አለማልቀስ ሆኖ አያውቅም። ነፍስ ከተነፋበት፣ ማለትም ከ120 ቀን በኋላ የጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ሊቃውንት ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይቀበራል፣ ስም ይወጣለታል ይላሉ። ስም ያለው፣ መቃብር ያለው ልጅ ማለት ነው። ለእናት ይህ ከመቶ አይዞሽ ይበልጣል።

ዘመዴ በመጨረሻ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ስንደርስ የነበረችው አዋላጅ አንገቷ ላይ ማተብ ያላት ልጅ ነበረች። ዘመዴ በየምጡ መሀል ላ ኢላሃ ኢላ አንተ ትላለች። አንዴ ሕመሙ ሲበረታ ዱአው ጠፋባትና ዝም ብላ መጮህ ጀመረች። አዋላጇ ወገቧን እያሸች "ያንን በይው፣ ቅድም ስትይው የነበረውን፤ ትንፋሽሽን አስተካክሎልሽ ነበር" አለቻት። ሁለተኛው ቃል ላይ እኔ አስታወስኳት።

ፈጅር ሳይል ሴት ልጅ ወለደች። አባትየው በኢሞ ተደወለለት። ስልኩን ሕፃኗ ጆሮ አጠገብ ያዝንላት፣ እሱም ጅዳ ሆኖ አዛን ጀመረ። ሐይየ ዐለል ፈላሕ ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። የቀረውን አያትየው ጨረሱት።